እናቴ ለፊውዳሊዝም ስላለቀሰች

ለተከበሩ ጓድ እስጢፋኖስ
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የስብሰባዎቻችን ሁሉ ከፋችና፣ እግዜር ሲረዳን፣ ዘጊ
መካኒሳ አቦ

ጓድ ሊቀመንበር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ የባለቤትዎ ወንድም ሙሴ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉሮሮዎ እንደምን ነው? ጉሮሮዎን ለይቼ መጠየቄ ቀበሌያችን የሚተዳደረው በእሱ ስለሆነ ነው፤ አንድ እሑድ ጉንፋን ቢጥልዎ በምን እንደምንነቃ ሳስበው ይጨንቀኛል። እኔ ከሥራዬ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። እናቴም «የፊውዳል ርዝራዥ» ከመባሏ በስተቀር ደህና ናት፤ ርዝራዥ ማለት ምን እንደሆነ ጠይቃኝ፣ የተረፈ ነገር ማለት ነው ብላት፣ የሚተርፍ ነገር በረከት አለው ብላ በደስታ ተቀብላዋለች።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌው የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የለጠፍኩት በድፍረት ሳይሆን በታዛዥነት ነው። የሂስና የግለ ሂስ ሳምንት ሲከፈት፣ ቅሬታ ያለው ሰው በየጠላ ቤቱ ከሚያንሾካሹክ ስሙን ጽፎ እዚህ ይለጥፍ፣ ማንም ጸጉሩን አይነካውም ብለው በሕዝብ ፊት ቃል ገብተዋል። የእኔ ጸጉር ደግሞ በሁለት ወገን ሸሽቶ ካለቀ ስለቆየ፣ በዚህ ሰፈር ከእኔ የበለጠ ዋስትና ያለው ጸሐፊ አይገኝም። ወረቀቴ ሰፋ ብሎ «ስኳር መጥቷል» የሚለውን ማስታወቂያ ስለሸፈነብዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የመጣው ማስታወቂያው እንጂ ስኳሩ ስላልሆነ ጉዳቱ ብዙ አይመስለኝም።

ጉዳዩ ባጭሩ ይህ ነው። በእናቴ ጥፋት ከሥራዬ አባረውኛል፤ በመጪው እሑድ ስብሰባ ላይ ቆሜ እናቴን ካወገዝኩ ግን ሥራዬን እንደሚመልሱልኝ ነግረውኛል። መልሴን ከታች ጽፌዋለሁ። እባክዎ ዘልለው አይሂዱ፤ እኛ የእርስዎን ንግግር ዘልለን አናውቅም።

ከጎፋ ወይም ከለቡ መጥቶ ይህን ለሚያነብ ሰው ራሴን ላስተዋውቅ። ደገፋ ቀጄላ እባላለሁ። አባቴ ቀጄላ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለቡ ላይ የሰው መሬት ሲያርስ፣ ካመረተው ላይ ለባላባት ሲሰፍር የኖረ ጭሰኛ ነበር። እናቴ ወይዘሮ ጤናዬ ናት፤ የመካኒሳ ሬሳ ሁሉ በእሷ ሙሾ ነው የሚሸኘው፣ በአስለቃሽነቷ እስከ ጎፋ ትጠራለች። እኔ ደግሞ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነኝ፤ ሰው ሲሞት ለሰፈሩ የምነግር እኔ ነኝ። ቀበሌው ሲቋቋም ስብሰባ የሚጠራለት ሰው ፈለገ፣ ድምፄን ወደደው፣ በደሞዝ ለፋፊ አድርጎ ቀጠረኝ። ጥሩምባዋ ያችው የእድሩ ጥሩምባ ስለሆነች፣ ሰው እንዳይደናገር ከሰፈሩ ጋር ተስማማን፤ ረጅም ከተነፋ ሞት ነው፣ አጭር ከተነፋ ስብሰባ ነው። በዚህ ለዓመታት ተግባብተን ኖርን። ረጅሙን የሰማ ነጠላውን ዘቅዝቆ በፊት ለፊት በር ይወጣል፤ አጭሩን የሰማ በጓሮ በር ይወጣል።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ። ማማረር የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው ብለው ስላስተማሩን፣ እኔ ሁሉንም በምስጋና መልክ አቅርቤዋለሁ።

አንደኛ፦ ትንፋሼን ስላስረዘሙልኝ አመሰግናለሁ። በግንቦት ወር ስብሰባው ሰው አጥቶ፣ ባዶው ወንበር ዓይን ዓይንዎን ሲያይዎ፣ ቅዳሜ ዕለት ቢሮዎ አስጠርተውኝ የሕዝቡ ንቃት የወረደው በእኔ ትንፋሽ ማጠር መሆኑን አስረዱኝ፤ ከእንግዲህ ረዘም አድርገህ ንፋ አሉኝ። እኔም ያልነቃሁ ሰው ነኝና፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ረጅሙ እኮ የሞት ነው ብዬ ነበር። እርስዎ ግን የድሮ የለቅሶ ልማድ ለአብዮቱ አታስተምረው ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ጠረጴዛ ከተመታ እኔ እነፋለሁ፤ የሥራዬ ጠባይ ነው። በማግስቱ እሑድ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ጉብታ ላይ ወጥቼ፣ የጎፋ ውሾች እስኪያላዝኑ ድረስ፣ በዕድሜዬ ነፍቼ የማላውቀውን ረጅም ነፋሁት።

ያን ቀን አዳራሹ እንዴት እንደሞላ መቼም አይረሱትም። ቦታ ያጣው በመስኮት ተንጠለጠለ። ሴቱ ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ ነበር። የእድሩ ጎረምሶች የድንኳን ምሰሶና አግዳሚ ተሸክመው ሲገቡ ያዩ ጊዜማ፣ «ሕዝቡ በራሱ ተነሳሽነት መቀመጫ ይዞ መጣ!» ብለው በድምፅ ማጉያው ተናግረው ራስዎ አጨበጨቡ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። የሚገባው ሁሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ እያለ ማን ነው ይለኛል፤ እኔም እንደታዘዝኩት ስብሰባ ነው እለዋለሁ፤ እሱም እሺ እሱስ ይሁን፣ የሞተው ግን ማን ነው ይለኛል። እርስዎን ላስቀይም ነው ወይስ ሕዝቡን? አንገቴን ደፋሁ፤ አንገት መድፋቴን ያዩ ደግሞ ባሰባቸው፣ የሞተው የቅርብ ዘመዱ ነው መሰል ብለው እኔኑ እያጽናኑኝ ገቡ።

ሁለተኛ፦ ስለ ሬሳ ሣጥኑ አመሰግናለሁ። ሕዝብ ሬሳ ፍለጋ ሲመጣ ባዶ እጁን አልመለሱትም። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሰልፍ ይሁን ተብሎ የቀበሌው ወጣቶች ከጣውላና ከካርቶን የሠሩት፣ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ፣ በነጭ ቀለም «ፊውዳሊዝም» የሚል የተጻፈበት ሣጥን ከመድረኩ ሥር ተጋድሞ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በእድር ዕድሜዬ ብዙ ሣጥን አይቻለሁ፣ ለእውነተኛ ሰው እንኳ እንዲያ ያማረ አልተሠራም። እርስዎ ከአጠገቡ ቆሙ፤ እጅዎን ጫን አደረጉበት፤ ድምፅዎን ዝቅ አደረጉ። ከዚያም «ጓዶች፣ ፊውዳሊዝም ሞቷል! ግብአተ መሬቱም ተፈጽሟል!» አሉ። ይህን ያሉት ልክ እናቴ የበሩን ደፍ ስትሻገር ነው። መርዶ መንገር ሥራዬ ሆኖ ሳለ እኔ እንዲያ አድርጌ ነግሬ አላውቅም፤ እጅዎን ለበረከት ነው የምለው።

ሦስተኛ፦ እናቴን ፊደል ስላስቆጠሩልኝ አመሰግናለሁ። የመሠረተ ትምህርቱን ምስክር ወረቀት የሰጧት እርስዎ ነዎት፤ እስከ ዛሬ ከሥዕለ አድኅኖዋ አጠገብ ሰቅላዋለች። ድሮ ቢሆን ሣጥኑን አይታ ማን ነው ብላ ትጠይቅ ነበር፣ ሰው ይነግራት ነበር፣ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። አሁን ግን የተማረች ሰው ስለሆነች ማንንም አልጠየቀችም። ጣቷን ዘርግታ ራሷ አነበበችው።

እናቴ ይህን ስም ታውቀዋለች። በጎረቤት ሬዲዮ ሳይነሳ የዋለበት ቀን የለም። የሀገራችን ስም አለመሆኑን አይታ ፈረንጅ መሆን አለበት ብላ ከደመደመች ቆይታለች። ይህን ሁሉ ዓመት ሊሞት ነው፣ እየተንፈራገጠ ነው፣ በመጨረሻ እስትንፋሱ ላይ ነው ሲባል እየሰማች አንጀቷን ሲበላት ኖሯል፤ አንድ ጊዜማ ይህን ሰውዬ ጸበል ቢሞክሩለት ምን ነበረበት ብላኛለች፤ እኔ ሌላ በሽተኛ መስሎኝ አዎ አልኳት። እንግዲህ ያ በሽተኛ ሞቶ፣ በሰው ሀገር ተጋድሞ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ከቦት አንድ ሰው እንኳ እንባ ሳያፈስለት አየች። አፈረች። ለራሷ ሳይሆን ለመካኒሳ አፈረች።

እርስዎ በአማርኛ «የባላባት ሥርዓት» ብለው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ባላባቱንማ ከእርስዎ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች፤ አውድማችን ላይ ቆሞ ያሰፈራት እሷን ነው። እርግጥ ነው፣ ያም ባላባት የሞተ ጊዜ ሄዳ አልቅሳለታለች። ከቀብር ተመልሳ ነጠላዋን አስተካክላ ከለበሰች በኋላ ደግሞ እስክትተኛ ድረስ ስትረግመው አመሸች። ለቅሶ ለሰውዬው ነው፣ እርግማን ለሥራው ነው ትላለች።

አራተኛ፦ ለሙሾው ስለሰጡት ሰፊ መድረክ አመሰግናለሁ። እናቴ ሕዝቡን ሰንጥቃ ወደ ሣጥኑ ስትሄድ፣ የነቃች እናት ድጋፏን ልትገልጽ ነው ብለው ድምፅ ማጉያውን ወደ እሷ ያዞሩላት እርስዎ ነዎት። እሷም ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና እንዲህ ስትል አወረደችው፦

ስምህ በሬዲዮ ሲነሳ ሲወሳ፣
ምነው ዛሬ ጠፋ ሬሳህን የሚያነሳ!

በቃ። ከጠዋት ጀምሮ እንባዋን አቅርራ ለማን እንደምታፈሰው ግራ የገባት ሴት ሁሉ ስም አገኘች። የሴቶች ማኅበራችን ጓድ ጸሐይወርቅ «ወንድሜ፣ ፊውዳሊዝም!» ብላ ደረቷን ስትመታ እስከ አስፋልቱ ይሰማ ነበር። የአብዮት ጥበቃው ፈየራ፣ ያ ለዝናብም ለፀሐይም የማይበገረው፣ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ቆመ። እርስዎም ቆብዎን አውልቀው ብብትዎ ሥር ሲያደርጉ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም። ሰው ነዎት፤ እናቴ አስለቅሳው ያላለቀሰ ሰው በዚህ ሰፈር ገና አልተወለደም።

ሦስቱ የሕዝብ ጠላቶች፣ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝምና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም፣ በሬዲዮ ሁልጊዜ አብረው ስለሚጠሩ፣ እናቴ ወንድማማቾች ናቸው ብላ ታምናለች። እንግዲህ ወንድም እንዳይቀር ብላ ሁለተኛውን ደገመች፦

ለኢምፔሪያሊዝም መርዶ ላኩበት፣
ወንድሙ ሳይቀበር ይምጣ ካለበት!

ሕዝቡም «ይምጣ! ይምጣ!» ብሎ ተቀበላት። ያኔ የቀበሌው ጸሐፊ ጓድ ምትኩ ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ ወደ እርስዎ ሲሮጥ አየሁት፤ ነገር ግን እናቴ ቀድማው ደርሳ ነበር። በሀገራችን ደንብ ከሬሳው አጠገብ የሚቆመው የቅርብ ዘመድ ነው። ከዚያ ሣጥን አጠገብ የቆመ ደግሞ ከእርስዎ በስተቀር ማንም አልነበረም። ስለዚህ እጅዎን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ወንድም መቅበር ከባድ ነው፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ አለችዎ። እርስዎም፣ ምን ያድርጉ፣ አፍዎ የለመደውን «አሜን፣ አብሮ ያጽናን» ብለው መለሱላት፤ ድምፅ ማጉያውም ክፍት ስለነበር ይህን መልስዎን የመካኒሳ ሕዝብ በሙሉ ሰምቶታል።

የቀረውን ላሳጥረው። «ይነሣ ይህ ነገር!» ብለው ሲጮኹ፣ የእድሩ ጎረምሶች ሣጥኑ መስሏቸው አነሡት፤ ሕዝቡም ተከትሏቸው ወጣ፤ ፊውዳሊዝምን ከአቦ ደጃፍ ላይ ነው የመለስነው። ቄሱ ክርስትና ስሙን ሲጠይቁ ማንም ስላላወቀው ነው እንጂ፣ እንደ ሕዝቡ ስሜት ቢሆንማ ፍትሐት ሳያገኝ አይመለስም ነበር።

አምስተኛ፦ ስለ ፍርድዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። ሰኞ ጠዋት እናቴ ሁለት ጥፋት ማጥፋቷን ነገሩኝ፤ ለተቀበረ ሥርዓት በአደባባይ አልቅሳለች፣ ኢምፔሪያሊዝምን ደግሞ በግጥም ወደ ሀገር ጋብዛለች። ኧረ እንዴት ያለ ነገር ነው! በዚህ ዕድሜዋ ዓለም አቀፍ ሴት መሆኗን እኔ ልጇ እንኳ አላወቅኩም ነበር። ከዚያ ቅጣቱን ማሰብ ጀመሩ። ከሥራ እንዳያባርሯት ሥራ የላትም። ከሹመት እንዳያወርዷት ሹመት አታውቅም። ለቅሶ እንዳትደርስ ቢከለክሏት ደግሞ ሰፈሩ እምቢ አለዎት፤ ሞት ስብሰባ አይደለም፣ ማንም አይቀርበትም። በመጨረሻ ዓይንዎ እኔ ላይ አረፈ። ጥፋቱ የእሷ፣ መባረሩ የእኔ ሆነ። በእርስዎ ዘመን በዘመድ መቀጠር ቀርቷል ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በዘመድ መባረር እንደተተካበት ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስድስተኛ፦ በቦታዬ የባለቤትዎን ወንድም ሙሴን ስለተኩ አመሰግናለሁ። ከላይ በዘመድ መቀጠር ቀርቷል ያልኩትን እዚህ ላይ አርሜዋለሁ። ሙሴ መልካም ልጅ ነው፤ ድምፁ ግን ከራሱ ኪስ አይወጣም። ባትሪው ያለቀ የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ ሰው እንዳያስቸግር በየአጥሩ ሥር ቀስ ብሎ «ስብሰባ አለ» እያለ ያልፋል። ባለፈው እሑድ በአዳራሹ የተገኙት እርስዎ፣ ጸሐፊዎ፣ ፈየራና ከዝናብ የሸሸች አንዲት ፍየል ናችሁ አሉ። ፍየሏ እስከ መጨረሻው መቆየቷን ሰምቼ ንቃቷን አድንቄአለሁ።

ሰባተኛው የእርስዎ ቸርነት ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዴን ለጊዜው ላስቀምጥ። ረቡዕ ዕለት አስጠርተውኝ በሩን ዘግተው፣ ወንበር ሰጥተው፣ በወንድም ቋንቋ አነጋገሩኝ። እሑድ በሕዝብ ፊት ቆመህ እናቴ የአሮጌው ሥርዓት ርዝራዥ ናት፣ ሥራዋን አወግዛለሁ፣ ልጅነቴንም ከአብዮቱ አላስቀድምም ብለህ ተናገር፤ ሰኞ ሥራህ ላይ ትገባለህ አሉኝ። ትንሽ ነገር እንደጠየቁኝ ነው የተናገሩት።

ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ይህን ስጽፍ እየሳቅኩ አይደለም። ቤቴ የሚኖረው በዚያ ደሞዝ ነው፤ ባለቤቴ ሸጊቱ ከሰኞ ጀምሮ የምትናገረውን ሁሉ በቀስታ ነው የምትናገረው፣ እንዳይከፋኝ ብላ። ደሞዙ ብቻም አይደለም። ጠዋት ጉብታው ላይ ወጥቼ የሰፈሩ በር ሁሉ በእኔ ድምፅ ሲከፈት ማየት ደስ ይለኛል። ሰው መሆኔ የሚታወቀኝ ያኔ ነው። ካሁን በኋላ ሌላ ሥራ ብይዝ እንኳ እንደዚያ አይሆንልኝም፤ አውቀዋለሁ።

እናቴም ይህን ታውቃለች። ያሉኝን ስነግራት፣ ካደኝ ልጄ፣ በአፍህ ካደኝና በሆድህ ያዘኝ፣ ሆድህን ማን አይቶት፣ እኔ እንደሆነ ቅር አይለኝም አለችኝ። የእውነቷን ነው። እሑድም መጥታ ከፊት ወንበር እንደምትቀመጥ ነገረችኝ፤ ሕዝብ ፊት ስቆም የማየው የሰው ፊት እንዳላጣ ብላ ነው። እያወገዝኳት የማየው የእሷን ፊት መሆኑ ነው! ሸጊቱ ይህን ሰምታ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔም ወደ ውጭ ወጣሁ፤ እንዳንተያይ ብለን።

ሳስበው ውዬ አደርኩ። እንዲህ ብል ምናለበት፣ ቃል ነው፣ ነፋስ ይወስደዋል ብዬም ነበር። ግን እኔ ነፊ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር። የእኔ ቃል ነፋስ ወስዶት የትም አይቀርም፤ በየቤቱ ነው የሚገባው። ይህ ሰፈር እገሌ ሞተ ብዬ ስነግረው፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ሳይጠይቅ ነጠላውን የሚዘቀዝቀው ደገፋ አይዋሽም ብሎ ነው። አንድ ጊዜ ቆሜ እናቴን ክፉ ናት ካልኩ፣ ከዚያ በኋላ ማን ሞተ ብል ማን ያምነኛል? ሥራዬን ለማስመለስ ሥራዬን የምሠራበትን አፍ ልስጥዎት ማለት ነው። ከዚያም አልፎ፣ ይህን ሁሉ ትቼው፣ እናቴ ናት። ለማታውቀው ሰው አለቀሰች፤ ሌላ ምን አደረገች? ሰው ያለ እንባ አይቀበር አለች። ይህ ጥፋት ከሆነ እግዜር ለልጆቼም እንዲህ ያለ ጥፋት ያውርሳቸው።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ አላወግዛትም። ሥራውን ሙሴ ይያዘው፣ ባትሪም ይግዙለት። እኔ እሑድ ከእናቴ አጠገብ፣ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ፤ ማን እንደሚያወግዛት አብረን እናያለን። አዳራሹን ዘወር ብለው ይዩት፤ አባቱን ያላለቀሰችለት፣ ልጁን ያልሸኘችለት ሰው ካለ እሱ ይነሣና ይናገር። እርስዎ ራስዎ፣ ወላጅ እናትዎ ወይዘሮ ንግስት ያረፉ ጊዜ ማን እንዳስለቀሰልዎ አስታውሳለሁ። ያኔ እግሯ አብጦ ነበር፤ በሰው ተደግፋ ነው የመጣችው። ለማንም አልነገረችም፣ እኔም እንድናገር አትፈቅድም ነበር፤ አሁን ግን ለፋፊነቴ ስለቀረ፣ የምለፍፈውን የምመርጠው እኔ ነኝ።

በሉ ጓድ ሊቀመንበር፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ ግድግዳዎን ስላጣበብኩ፣ የስኳሩንም ተስፋ ስለሸፈንኩ ደግሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጤና ይስጥልኝ፤ ጉሮሮዎን ከብርድ ይጠብቁት፤ ለፍየሏም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ስማቸው በመጥፎ ከተነሣ ሰዎች ሁሉ ቀድሜ እጅ የምነሣዎ፣ ታዛዥዎ፣ አክባሪዎ፣ ትንፋሹ የረዘመ፣

ደገፋ ቀጄላ
የቀድሞ የቀበሌው ለፋፊ፣ የአሁን የወይዘሮ ጤናዬ ልጅ
መካኒሳ አቦ፣ ሰኔ ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ፣ የሦስቱን ወንድማማቾች ስም ጻፍልኝ አለችኝና ጻፍኩላት። ጣቷን እያስኬደች አንድ በአንድ አነበበቻቸውና፣ እንዲያውም እኮ ሁሉም መጨረሻቸው ዝም ነው አለች። ከዚያ አዳራሹ በር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው፣ በየእሑዱ የምናጨበጭብለት ሶሻሊዝም ትዝ አላት። ይህስ የእነሱ ታናሽ ይሆን ብላ ብዙ አሰበች፤ አዘነችለትም። በእርግጠኝነት የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ ጠይቅልኝ ያለችኝን እነሆ አደርሳለሁ፦ ለመሆኑ እድር ገብቷል?